ደብረ ሲና ላይ የሚመሸው ስንት ሰዓት ነው? ስልኬና ተራራው አልተስማሙም

አዲስ መጪ

ሰላም ለሁላችሁ። በሥራ ምክንያት ወደ ደብረ ሲና ከተዛወርኩ ገና ጥቂት ወራት ነው። ከመደበኛው ትምህርት በኋላ ለአምስተኛና ለስድስተኛ ክፍል ልጆች ማጠናከሪያ እሰጣለሁ፤ የምለቃቸው 11:45 ላይ ነው። ኅዳር ከገባ ወዲህ ጀንበር የምትጠልቀው 11:56 እንደሆነ ስልኬ ይነግረኛል። በዚያ ሂሳብ ልጆቹ ፀሐይ ሳትገባ መንገዱን ማጋመስ ነበረባቸው።

እኔ ካለሁበት ሰፈር ግን 11:15 እልፍ ሲል ፀሐይዋ ከጣርማ በር ተራራ ጀርባ ትገባለች፤ ብርዱም ወዲያው ይለቀቃል። ደግሞ ሰማዩ 12:00 ሰዓትም ላይ ብሩህ ነው፤ ደጅ ቆሞ መጽሐፍ ማንበብ ይቻላል። ወላጆች «ልጆቻችን በጨለማ ነው የሚመጡት» ይሉኛል፤ ልጆቹ «ገና አልመሸም» ይላሉ። ስልኩ ነው የሚዋሸው ወይስ እዚህ የሚመሸው በሌላ ሕግ ነው? ሰዓቱን ዓመቱን ሙሉ አንድ ማድረግስ ይቻላል? የምታውቁ ንገሩኝ።

የገደል ጥግ

ልጄ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ስልኩ አልዋሸም፤ ተራራውን አያይም እንጂ። ስልክሽ የሚያውቀው ምድር እንደ ባሕር ሜዳ ብትሆን ፀሐይ መቼ እንደምትገባ ነው። ደብረ ሲና ደግሞ ጀርባዋን ለደጋው አፋፍ ሰጥታ ፊቷን ወደ ቆላው ያዞረች ከተማ ናት። በስተ ምዕራብ ጣርማ በር ቆሞብናል፤ ከኛ በብዙ መቶ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ እዚህ ሁለት ጊዜ ይመሻል። መጀመሪያ ተራራው ፀሐይን ሲሸፍናት፣ ቀጥሎ እሷ ራሷ በእውነት ስትጠልቅ። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ጥላ እንጂ ጨለማ አይደለም። እኛ ልጆች ሳለን ከብት የምንመልሰው በመጀመሪያው ነበር፤ በሁለተኛው የተመለሰ አባቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር።

ሰዓት ከሌለሽ ደግሞ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን እያቸው። ቀን ሜዳ ላይ ሣር ሲግጡ ይውሉና ጥላው ሲረዝም ወደ ገደላቸው ይወርዳሉ፤ የሚያድሩት ገደሉ ላይ ነው። እነሱ መውረድ ከጀመሩ ልጆቹን ልቀቂ።

ባለ ሚኒባሱ

ጋሼ የገደል ጥግ የተናገሩትን እኔ በመሪ ላይ ሆኜ አየዋለሁ። ከደብረ ብርሃን ስንነሣ ሜዳው ላይ ፀሐይዋ ከኋላችን ናት፣ መስታወቱ ውስጥ ገብታ ዓይን ታስቸግራለች። በጣርማ በር የመኪና ዋሻ አልፈን ወደ ደብረ ሲና አቅጣጫ ስንወጣ ወዲያው ጥላ ውስጥ እንገባለን። መብራት የማበራው እዚያው ዋሻው አፍ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ አላጠፋውም። ተሳፋሪ «ምነው በቀን መብራት?» ይላል። ጉም የገባ ዕለት ደግሞ ስለ ጀንበር መጨነቅ ከንቱ ነው፤ ከጣርማ በር እስከ ከተማው በ9:00 ሰዓትም ሌሊት ሊሆን ይችላል።

ሰማይ ቆጣሪ

ደብረ ብርሃን ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ይህ ጥያቄ ለእኔ የተጠየቀ ያህል ደስ አሰኝቶኛል።

ደብረ ሲና ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ አካባቢ ናት። እዚህ ፀሐይ የምትጠልቀው እንደ አውሮፓ እያጋደለች ሳይሆን ቀጥ ብላ ነው፤ በ4 ደቂቃ አንድ ዲግሪ ያህል ትወርዳለች። መምህርት፣ ተራራው ከእርስዎ ደጅ ሲታይ ምን ያህል ከፍ እንደሚል በራስዎ መለካት ይችላሉ። ክንድዎን ሙሉ በሙሉ ዘርግተው ጡጫ ይጨብጡ፤ የጡጫው ቁመት ወደ 10 ዲግሪ ይጠጋል። ጡጫውን ከዓይንዎ ትክክል ካለው መሥመር ላይ ያስቀምጡት (ግማሽ ውኃ ያለው ጠርሙስ ይህን መሥመር ያሳያል)። ተራራው አንድ ጡጫ ከሆነ ፀሐይ ከስልኩ ሰዓት 40 ደቂቃ ያህል ቀድማ ትሰወራለች። የእርስዎ 11:15 ከዚህ ጋር በደንብ ይገጥማል። ከከተማው ሌላ ጫፍ የሚኖር ሰው ግን ሌላ ቁጥር ያገኛል፤ በዚያ ላይ ፀሐይ የምትገባበት ቦታ ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ በአፋፉ ላይ ከ45 ዲግሪ በላይ ወደ ደቡብ ስለሚንሸራተት ያው ቤት እንኳ በበጋና በክረምት እኩል አይሆንለትም።

አሁን ወደ ጨለማው። ጀንበር በእውነት ከጠለቀች በኋላ እዚህ አገር ያለ መብራት ሰው የሚለይበት ድንግዝግዝ ከ21 እስከ 23 ደቂቃ ብቻ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ለዓይን ያዝ ያደርጋል። ድቅድቅ ጨለማ የሚሆነው፣ ትንንሾቹ ኮከቦች ሁሉ የሚወጡት፣ ጀንበር ከጠለቀች አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ቆይቶ ነው። ጀንበር ከዓመቱ ሁሉ ቶሎ ለምትገባበት ለኅዳር መጀመሪያ ሲሰላ፦ ጀንበር የምትጠልቀው 11:56፣ መንገድ የሚታይበት ብርሃን የሚያልቀው 12:18 አካባቢ፣ ሙሉ ጨለማ 1:10 ገደማ። ግን በእናንተ በኩል ምዕራቡ በተራራ የተጋረደ ስለሆነ የድንግዝግዙ ደማቅ ክፍል አይደርሳችሁም፤ 12:10ን መጨረሻ አድርገው ቢይዙት ይሻላል።

የሁለት ልጆች እናት

ወላጅ ነኝና እኔም ልናገር። መምህራችን፣ ጡጫውም ድንግዝግዙም መልካም ነው፤ ልጅ ግን በቀጥታ ወደ ቤቱ የሚሄድ ይመስልዎታል? የእኔው በ20 ደቂቃ መድረስ ሲችል ኳስ የሚጫወቱ ካየ ቆሞ ይቀራል፣ ጓደኛውን ያደርሳል፣ ጓደኛው መልሶ ያደርሰዋል። ከዋናው መንገድ ወርደን የምንኖር ሰዎች አቋራጩ ድንጋይ ነው፤ መብራት የጠፋ ዕለት የራስ እግር አይታይም። ጅቡም ሰዓቱን ያውቃል። የእኔ ሂሳብ አጭር ነው፦ ልጁ ቤት ሲገባ ፊቱን ያለ መብራት ማየት አለብኝ።

ጥያቄ አለኝ

ሰማይ ቆጣሪ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። የዓመቱ አጭሩ ቀን በታኅሣሥ ነው ተብለን ነው የተማርነው። እርስዎ ግን ጀንበር ቶሎ የምትገባው በኅዳር መጀመሪያ ነው እያሉ ነው። አንዱ ስህተት ነው።

ሰማይ ቆጣሪ

ሁለቱም ትክክል ነው፤ ይህ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ነው። አጭሩ ቀን ታኅሣሥ 12 አካባቢ ነው፤ ደብረ ሲና ላይ 11 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ያህል ይረዝማል። በዚያ ዕለት ግን ጀንበር የምትጠልቀው 12:05 ነው፣ ከኅዳር መጀመሪያው በ9 ደቂቃ ዘግይታ። ቀኑ የሚያጥረው ከማታው ተቆርጦ ሳይሆን ከጧቱ ነው፤ ንጋቱ እየዘገየ ይሄዳል።

ምክንያቱ እኩለ ቀን ራሱ ስለሚንሸራተት ነው። ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው ሁልጊዜ በልክ 6:00 ሰዓት አይደለም። ምድር ዘንበል ብላ ስለምትሽከረከርና በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት መንገድ ፍጹም ክብ ስላልሆነ ፀሐይ አንዳንዴ ከሰዓታችን ትቀድማለች፣ አንዳንዴ ትዘገያለች። ደብረ ሲና ላይ በኅዳር መጀመሪያ እኩለ ቀን 6:05 ነው፣ በየካቲት መጀመሪያ 6:35። ይህ የግማሽ ሰዓት መንሸራተት ጧቱንም ማታውንም አብሮ ይገፋቸዋል። ስለዚህ ማታው ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ መርዘም ሲጀምር ጧቱ እስከ ጥር ማለቂያ መዘግየቱን አያቆምም። በጥር መጨረሻ ፀሐይ የምትወጣው 12:43 ገደማ ነው። በጥር ልጅን ከአልጋ ማስነሣት የሚከብደው በብርዱ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

በአማካይም ቢሆን እኩለ ቀናችን 6:00 ሳይሆን 6:21 ነው። አገራችን የምትጠቀምበት ሰዓት የተመሠረተው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ላይ ነው፤ እሱ ሩቅ በምሥራቅ በሶማሌ ክልል ያልፋል። እኛ ከእሱ በስተ ምዕራብ 5 ዲግሪ ከሩብ ስለሆንን 21 ደቂቃ እንዘገያለን።

በዓመቱ ውስጥ እንዲህ ይጓዛል። በእንቁጣጣሽ ጀንበር 12:24 ትጠልቃለች፣ በመስቀል 12:14፣ ጥቅምት ሲገባ 12:06። በመስከረም አንድ ወር ውስጥ ብቻ ማታው በ18 ደቂቃ ያጥራል፤ ከዚያ ወር የሚፈጥን የለም። መምህርት፣ ትምህርት ሲከፈት ያወጡት ሰዓት ጥቅምት ላይ ያስቸገረው በዚህ ነው። ከኅዳር በኋላ ይመለሳል፦ በገና እንደ መስቀሉ 12:14፣ በጥምቀት 12:20። ከየካቲት መጀመሪያ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ደግሞ ነገሩ ቀጥ ይላል፤ 12:28 ላይ ጀምሮ ሦስት ወር ሙሉ 5 ደቂቃ ብቻ ነው የሚጨምረው። ከዚያ ከሰኔ ማለቂያ እስከ ሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንት 12:46 ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ አይሄድም። በዓመቱ ከሁሉ ቶሎ በሚመሽበትና ከሁሉ ዘግይቶ በሚመሽበት ቀን መካከል ያለው ልዩነት በጠቅላላው 50 ደቂቃ ነው።

ስደተኛው

ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ሲና ነው፣ አሁን ኦስሎ ነኝ። 50 ደቂቃ ብላችሁ ስትከራከሩ ሳቄን አመጣችሁት። እዚህ በሰኔ ሌሊቱ ሙሉ በሙሉ ሳይጨልም ይነጋል፣ በታኅሣሥ ደግሞ ከሥራ ስወጣ ከጨለመ ቆይቷል። መጀመሪያ ስመጣ ፀሐይ «ልትገባ ነው» ብዬ መንገድ ላይ ቆሜ ጠብቄ ጠብቄ ሰለቸኝ። አገሬ ላይ ጀንበሯ እንደ ድንጋይ ነበር የምትወድቀው።

ኢፋት

የሰማይ ቆጣሪን ጽሑፍ ለሸዋ ሮቢት ጓደኞቼ ላክሁት። ለእኛ ይህ ጉዳይ የጾም ጉዳይ ነው። በረመዳን ብዙ ሰው የሚጠቀመው ለአዲስ አበባ የወጣውን የሰዓት ሰሌዳ ነው። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ ከአንድ ዲግሪ በላይ ስለሆነች እዚህ ጀንበር ከ3 እስከ 6 ደቂቃ ቀድማ ትጠልቃለች፤ ልዩነቱ እንደ ወሩ ነው። በኢፍጣር በኩል ይህ ጉዳት የለውም፤ የአዲስ አበባን ሰዓት የጠበቀ ሰው ጥቂት ደቂቃ ይዘገያል እንጂ ጾሙን አያበላሽም። ጧት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ንጋቱም እኛ ዘንድ ቀድሞ ነው የሚመጣው። በአዲስ አበባ ሰሌዳ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ሱሑር የሚበላ ሰው ጎህ ከቀደደ በኋላ እየበላ ሊሆን ይችላል። ሰው ሁሉ ስለ ማታው ይጠይቃል፣ ስለ ጧቱ የሚጠይቅ አላየሁም።

በተራራው ጥግ ላሉት ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ደብረ ሲና ያለ ሙስሊም ወንድሜ ፀሐይ ከጣርማ በር ጀርባ ስትገባ አይቶ ቢያፈጥር?

የገደል ጥግ

አይሆንማ። ለደጋው ሰው እኮ ገና ቀን ነው።

ሰማይ ቆጣሪ

ኢፋት፣ ስለ ሱሑሩ የጻፍከው ልክ ነው፤ ሁሉም ሰው ቢያነበው እወዳለሁ።

ስለ ተራራው፦ ደብረ ሲና ላይ ምዕራቡን ማየት አይጠቅምም፣ ተጋርዷል። ምሥራቁን እዩ። ከከተማው ወደ አፋር በኩል ያለው ሰማይ ክፍት ነው። መጀመሪያ የተራራው ጥላ በቆላው ላይ እየተዘረጋ ሲሄድ ይታያል፣ ራቅ ያሉት ኮረብቶች ግን ፀሐይ አላቸው። የመጨረሻው ኮረብታ ፀሐይዋን ሲያጣ ጀንበር ልትጠልቅ ተቃርባለች። ጥርት ባለ ቀን ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ከአድማሱ ላይ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሰቅ ይነሣል፣ በላዩም ሐምራዊ ቀይ ይከተላል። ያ ጠቆር ያለው የምድር የራሷ ጥላ ነው፣ አየሩ ላይ ያረፈ። እሱ ከታየ ጀንበር በእርግጥ ጠልቃለች፤ ክርክር የለውም።

ኢፋት

እኛም የተማርነው የጿሚው ምልክት ይኸው ነው፦ ሌሊቱ በምሥራቅ በኩል ሲመጣ፣ ቀኑ በምዕራብ ሲሄድና ፀሐይ ስትጠልቅ። እኔ ሁልጊዜ ሰው ሁሉ ምዕራቡን ሲያይ ነው የማየው። አላህ ይስጥልኝ።

ጾሙ በየካቲትና በመጋቢት ሲውል የመግሪብ ሰዓት ለወር ያህል ሳይነቃነቅ የሚቆየውም አሁን ገባኝ። ሰሌዳውን ያዘጋጀው ሰው ሰንፎ ነው እያልን ስንቀልድ ነበር።

ጥያቄ አለኝ

እሺ ተቀበልኩ፣ ግን ስልኬ ላይ የሚታየው «ደብረ ሲና» አይልም፣ «አዲስ አበባ» ነው የሚለው።

ሰማይ ቆጣሪ

ስልኩ ያሉበትን ቦታ እንዲያውቅ ካልፈቀዱለት ዋና ከተማውን ይሰጥዎታል። ለደብረ ሲና ልዩነቱ በአማካይ 4 ደቂቃ ነው፤ እዚህ ቀድሞ ይጠልቃል። ሌላም ነገር፣ ብዙ ስልክ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚያወጣው። 5:56 ከሰዓት በኋላ ሲል የእኛ 11:56 ነው፤ 6 ሰዓት መቀነስ ወይም መጨመር እንጂ ሌላ ስሌት አያስፈልግም።

ባለ ሚኒባሱ

ጨረቃስ? ሌሊት ከሮቢት ስወጣ ሙሉ ጨረቃ ካለች መንገዱ ቀን ነው።

የገደል ጥግ

ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ማታ ልክ ጀንበር ስትገባ ከአፋር በኩል ትወጣለች። እኛ ፊታችን ወደዚያው ስለሆነ የሚጋርዳት የለም። ድንግዝግዝ ሲያልቅ እሷ ከፍ ብላለች። ጉም ከሌለ በዚያ ሰሞን ልጆች ትንሽ ቢዘገዩ ማንም አይጨነቅም ነበር፤ ሠርግም የሚቆረጠው ጨረቃ ታይታ ነበር። ከሙላቷ ሦስት አራት ቀን ካለፈ ግን ዘግይታ ስለምትወጣ ለማታ መንገደኛ አትጠቅምም። መምህርት ግን በጨረቃ ሰዓት እንዳታወጪ፤ ወላጆቹ አንቺንም ጨረቃዋንም ነው የሚወቅሱት።

አዲስ መጪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ጭላዳዎቹን ዛሬ ከትምህርት ቤቱ በላይ አየኋቸው፣ ግን እነሱም እንደ ተማሪዎቼ ናቸው፤ ግማሾቹ ወርደው ግማሾቹ ይሯሯጡ ነበር።

ጡጫውንም ለካሁ። ከትምህርት ቤቱ በር ሲታይ ተራራው ከአንድ ጡጫ ትንሽ ያንሳል። እንግዲህ እንዲህ ላደርግ ነው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥር አጋማሽ ማጠናከሪያው 11:15 ላይ ያበቃል፤ ኳሱም ጓደኛ ማድረሱም ተጨምሮበት 12:00 ሰዓት ላይ ቤት ይገባሉ። ከጥር አጋማሽ እስከ ሰኔ 11:40 ይሆናል። ያ ወራት ሳይነቃነቅ የሚቆይ ማታ ስላለው በየሳምንቱ መቀያየር አያስፈልገኝም። የጠፋችውን ግማሽ ሰዓት ቅዳሜ ጧት እተካለሁ።

የሁለት ልጆች እናት

11:15 ይስማማኛል። ቅዳሜ ጧት ግን በጥር ከ3:00 ሰዓት በፊት አይጀመር፤ ውርጩ ሳይቀልጥ ልጅ አላስወጣም። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ለዚህ አገር ሰው ነው፣ የጥር ብርድማ ከጥቅምቱ አይሻልም።

ጉም የገባ ዕለትስ?

አዲስ መጪ

ጉም የገባ ዕለት 10:30 ላይ እለቃቸዋለሁ፤ ሰፈራቸው አንድ የሆኑት በቡድን ይሄዳሉ፣ ከእያንዳንዱ ቡድን አንድ ትልቅ ልጅ ባትሪ ይይዛል። ባትሪዎቹን ከወላጅ ኮሚቴው ጋር ተነጋግረን እንገዛለን።

መንዜው

ዘግይቼ ነው ያየሁት። እኔ መሐል ሜዳ ከተማ ነኝ። ይህ የ40 ደቂቃ ነገር ለእኛም ይሠራል?

ሰማይ ቆጣሪ

አይሠራም። መሐል ሜዳ ደጋው ላይ ናት፤ በስተ ምዕራብ እንደ ጣርማ በር ያለ ግድግዳ አልቆመባትም። ሰዓቱ ከደብረ ሲና በአንድ ደቂቃ ያህል ቢለያይ ነው። ስልክዎ መሐል ሜዳ መሆንዎን ካወቀ የሚለውን እንዳለ ይያዙ፤ ከዚያ ላይ 20 ደቂቃ የድንግዝግዝ ብርሃን ይጨምሩበት።